ያልደረሰው ማንቂያ የት ቀረ?

ሌሊት የወደቀን ዳታቤዝ ጠዋት ደንበኛ ደውሎ ካሳወቀ፣ ቢሮ ውስጥ ሁለት ምርመራ ይጀመራል። አንዱ ዳታቤዙ ለምን ወደቀ የሚል ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው «ማንቂያው ለምን አልመጣም?» የሚለው ሲሆን እዚህ ላይ ሁሉም የየራሱ ግምት አለው። ኔትወርኩ ነው፣ ቴሌግራም ነው፣ ኢሜይሉ ስፓም ገብቶ ይሆናል፣ ተረኛው እንቅልፍ ጥሎት ነው። ግምት ሞልቶ፣ ሎጉን ከፍቶ ያየ ሰው ይጠፋል።

ናጊዮስ፣ ዛቢክስ ወይም ፕሮሚቲየስ ያለው ቡድን ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሦስቱም በነጻ የሚገኙ የሰርቨር መከታተያዎች ናቸው፣ ሦስቱም ትናንት የተወለዱ አይደሉም። ናጊዮስ ኔትሴንት በሚል ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሌክሴይ ቭላዲሼቭ ላትቪያ ውስጥ የጀመረው ዛቢክስ በ2001 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ፕሮሚቲየስ ደግሞ በ2012 ሳውንድክላውድ ውስጥ ተጀመረ። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ማንቂያ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ያጠፋው ብልሽት ሳይሆን አንድ ሰው አንድ ቀን አውቆ የጻፈው መስመር ነው። ሥርዓቱ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያዘዘው ሰው ረስቶታል፣ ወይም ሥራ ለቋል። በየቢሮው እንደ እውነት የሚነገሩት የሚከተሉት አባባሎች ግን ምርመራውን ወደዚያ መስመር ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል።

«ማንቂያ ካልመጣ ሁሉም ሰላም ነው»

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በሚባለው የፕሮግራመሮች ኮድ ማከማቻ ውስጥ አንድ ባለሙያ ተጠባባቂውን ዳታቤዝ ያጸዳ መስሎት የዋናውን ፋይሎች ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው ነቅቶ ቢያስቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሲኬድ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም፣ ዳታቤዙ ስሪት 9.6 ሆኖ ሳለ የ9.2ን መሣሪያ እየጠራ ይከሽፍ ነበር። በከሸፈ ቁጥርም ኢሜይል ይልክ ነበር። ኢሜይሉ ግን ዲማርክ የተባለውን የላኪ ማረጋገጫ ስለማያሟላ ተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም እያለ ይመልሰው ነበር። ስለዚህ ማንቂያ አለ፣ ላኪ አለ፣ አድራሻም አለ፤ የደረሰ መልእክት ግን የለም። በመጨረሻ የታደጋቸው ከስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ሲባል በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የእነዚያ ስድስት ሰዓታት መረጃ ጠፍቶ ቀረ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ራሱ ዘርዝሮ ለሕዝብ ማውጣቱ ያስመሰግነዋል። እኛ ጋ ቢሆን ጉዳዩ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ግን «ተፈቷል» እያለ የሚመጣው መልእክት ነው። ፕሮሚቲየስ ላይ «ዲስኩ ከመቶ 90 በላይ ከሞላ አንቃኝ» የሚል ሕግ ተጽፏል እንበል። ዲስኩ ሞላ፣ ማንቂያው ሄደ፣ ተረኛው አየው። ትንሽ ቆይቶ ሰርቨሩ ራሱ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። አሁን የዲስኩን ቁጥር የሚያቀብል የለም፤ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ከ90 የሚበልጥ ነገር የለም፤ ሕጉ ባዶ መልስ ያገኛል፣ ባዶ መልስ ማለት ደግሞ ለፕሮሚቲየስ ችግሩ አበቃ ማለት ነው። የተረኛው ስልክ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያለው መልእክት ይደርሳል፤ እሱም ተገላብጦ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው ስሪት 2 ጀምሮ ፕሮሚቲየስ አንድን ሰርቨር ጠይቆ መልስ ሲያጣ የድሮውን ቁጥር ወዲያው ይሽረዋል፤ ስለዚህ ይህ «መፍትሔ» በደቂቃ ውስጥ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ «ሰርቨሩ ጭራሽ መልስ አይሰጥም» የሚልና «ይህ ቁጥር ከነአካቴው ጠፍቷል» የሚል ሌላ ሕግ ለብቻ መጻፍ ነው። ዛቢክስም ለዚሁ «ኖዳታ» የሚል ተግባር አለው። ሥርዓቱን ሲተክል ይህን ሕግ አስቦ የሚጽፍ ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ሎጉ ‹ተልኳል› ካለ ደርሷል»

ናጊዮስ በሎጉ ላይ የኖቲፊኬሽን መስመር የሚጽፈው የመላኪያውን ትእዛዝ ሲያስነሳ ነው። ትእዛዙ መልእክቱን እዚያው ሰርቨር ላይ ላለው የኢሜይል ላኪ፣ ለፖስትፊክስ፣ ያስረክባል። ፖስትፊክስ ወደ ውጭ ማድረስ ካልቻለ ወረፋ ላይ ያቆየዋል፤ ካልተቀየረ በቀር እስከ 5 ቀን እየደጋገመ ይሞክራል፣ መዘግየቱንም ለማንም አይናገርም። የሰኞ ማንቂያ ሐሙስ ሲደርስ «ናጊዮስ አብዷል» የሚባለው በዚህ ነው። ለጎረቤት ልጅ መልእክት ነግሮ «ለእናትህ ንገር ብዬዋለሁ» እንደማለት ነው፤ ልጁ ኳስ ሜዳ ላይ መቅረቱን ተናጋሪው አያውቅም። ዛቢክስ «ሴንት» ሲል፣ የፕሮሚቲየስ ማንቂያ አከፋፋይ የሆነው አለርትማኔጀርም የከሸፉ መልእክቶችን ቆጣሪ ከፍ ሳያደርግ ሲቀር የሚመሰክሩት ከእነሱ ቀጥሎ ያለው እንደተቀበላቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍለጋው ከየት ይጀምር? ብዙ ሰው ከጫፍ ይጀምራል፤ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ቴሌግራሙን ያድሳል። እኔ የምመርጠው መሐሉን ነው። ፕሮሚቲየስ ሕጉን ይመዝናል፤ አለርትማኔጀር ደግሞ መልእክቱን ለማን፣ መቼ፣ በምን ይላክ የሚለውን ይወስናል። ችግሩ እየታየ ሳለ የአለርትማኔጀርን ገጽ በፖርት 9093 ከፍቶ ማንቂያው እዚያ መኖሩን ማየት ነው። ካለ፣ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከሌለ ቴሌግራምን መውቀስ ትርፉ ድካም ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የፕሮሚቲየስን ገጽ በፖርት 9090 ከፍቶ ሕጉ «ፔንዲንግ» (ጊዜው እስኪሞላ የሚጠብቅ) ላይ ይሁን «ፋየሪንግ» (የሚጮኽ) ላይ ማረጋገጥ ነው። አንድ እይታ የምርመራውን ግማሽ ይቀንሳል።

«ቴስት መልእክቱ ስለደረሰ መስመሩ ይሠራል»

ይህ በጣም የተወደደ እምነት ነው፤ ምክንያቱም ቁልፉን ተጭኖ ስልክ ሲጮኽ መስማት ያስደስታል። ቁልፉ የሚፈትነው ግን የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ ነው፤ ቦቱ ወይም የኢሜይል ሰርቨሩ መኖሩን። እውነተኛው ማንቂያ የሚያልፍባቸውን በሮች፣ ማለትም በላዩ የተለጠፉትን ሌብሎች፣ መንገዱን የሚመርጠውን ራውት፣ ማንቂያዎችን የሚያሰባስበውን ግሩፕ፣ ለጊዜው የሚያፍነውን ሳይለንስ፣ ቴስቱ በጓሮ በር ዘሏቸው ነው የሄደው።

የመጨረሻዋ ክፍል እንኳ በደንብ አልተፈተነችም። ቴሌግራም ላይ የሚደርሰውን እንይ። መልእክቱ በማርክዳውን አጻጻፍ እንዲሄድ ተደርጓል እንበል። በማርክዳውን ውስጥ ከቃል ሥር የሚሰመረው ጭረት፣ አንደርስኮር የምንለው፣ ጽሑፍን አዝምሞ ማሳያ ምልክት ነው፤ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። የሰርቨሩ ስም አንድ አንደርስኮር ብቻ ካለው፣ ቴሌግራም የተከፈተውን የሚዘጋ ስላጣ መልእክቱን እንዳለ ይመልሰዋል። «ሰላም፣ ይህ ሙከራ ነው» የሚለው ቴስት አንደርስኮር ስለሌለው በደህና ይደርሳል። ከቡድኑ ሰርቨሮች መካከል በስማቸው አንደርስኮር የሌላቸው ሁሉ ማንቂያቸው ይመጣል፤ ያ አንዱ ብቻ፣ ብዙ ጊዜም ዋናው ዳታቤዝ፣ ድምፁ አይሰማም። ባለሙያውም ሁለት ቀን ሙሉ የዳታቤዙን ሕግ ሲያገላብጥ ይውላል። የአለርትማኔጀር ሎግ ግን ቴሌግራም የመለሰውን ስህተት ቃል በቃል ጽፎ አስቀምጦታል።

ሌላም አለ። ተራ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ሱፐርግሩፕ ሲያድግ የመለያ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ለምሳሌ አንድ ሰው ለአዲስ አባላት የቆየው መልእክት እንዲታይ ሲያደርግ። ግሩፑ ውስጥ ላሉት ሰዎች የተለወጠ ነገር የለም፤ ቦቱ ግን በድሮው ቁጥር ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ያጣል።

እውነተኛው ሙከራ ሁለት ነው። አንዱ ከአለርትማኔጀር ጋር አብሮ በሚመጣው «አምቱል» የተባለ መሣሪያ ነው፤ የማንቂያውን ሌብሎች ጽፈው «ይህ ቢመጣ ለማን ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁት የተቀባዩን ስም ይነግራል፣ ምንም ሳይልክ። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ የማይጎዳ ሰርቨር ላይ ችግሩን በእውነት መፍጠር ነው፦ አገልግሎቱን ማቆም፣ ወይም ዲስኩን በማይፈለግ ትልቅ ፋይል መሙላት። ከዚያም ስልኩ እስኪጮኽ ድረስ ሰዓት ይዞ መጠበቅ።

«ማንቂያው ለሚመለከታቸው ሁሉ ይሄዳል»

አይሄድም፤ መጀመሪያ ለተስማማው ይሄዳል። የአለርትማኔጀር ራውት ዛፍ ነው። ግንዱ ሁሉንም ይቀበላል፤ ከሥሩ ያሉት ቅርንጫፎች ከላይ ወደ ታች በተራ ይታያሉ፤ አንዱ ከተስማማ ፍለጋው እዚያ ላይ ይቆማል።

በአብዛኛው ኮንፊግ ፋይል ውስጥ የማየው ቅርጽ ይህን ይመስላል። ግንዱ ላይ የቡድኑ ኢሜይል ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ክብደቱ «ክሪቲካል» የሆነውን ሁሉ ለተረኛው ስልክ ይልካል። ሁለተኛው፣ ቡድኑ «ዳታቤዝ» የሆነውን ለዳታቤዝ ሰዎች ቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። በወረቀት ላይ ያምራል። አሁን ከዳታቤዝ ክሪቲካል ማንቂያ ቢመጣ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ነክቶ ለተረኛው ይደርሳል፣ ያበቃል። የዳታቤዝ ግሩፑ ቀላል ቀላሉን ማስጠንቀቂያ ሁሉ እያየ፣ ከባዱን ጭራሽ አያይም። ኢሜይሉም አይደርሰውም፤ ግንዱ የሚሠራው ከቅርንጫፎቹ አንዱም ካልተስማማ ብቻ ነውና። «ሁሉም ነገር ለማንኛውም በኢሜይል ይመጣል» ብሎ የሚተማመን ኃላፊ ካለ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

መፍትሔው «ኮንቲኒው» የምትል አንዲት መስመር ናት፤ «ተስማምተህም ቢሆን ወደ ቀጣዩ እለፍ» ትላለች። ሰው ግን በአብዛኛው ያለቦታዋ ያስገባታል። መልእክት የቀረበት የዳታቤዙ ቅርንጫፍ ስለሆነ እሱ ላይ ይጽፏታል። እዚያ ምንም አትፈይድም፤ ማንቂያው ወደዚያ ሳይደርስ ቀድሞ ተይዟል። መጻፍ ያለባት ማንቂያውን ይዞ በሚያስቀረው በመጀመሪያው ላይ ነው።

የሌብል አጻጻፍም እንዲሁ ያታልላል። በትልቅ ፊደል የጀመረው «ክሪቲካል» እና በትንሹ የጀመረው ለአለርትማኔጀር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሪጀክስ ሲጻፍም ሙሉውን ቃል እንደሚለካ ይረሳል፤ «ዲቢ» ብሎ የጻፈ ሰው «ዲቢ-ፕሮድ» ይገባልኛል ብሎ ከጠበቀ አይገባለትም። ማንቂያው የያዘውን ሌብል ከኮንፊጉ ሳይሆን ከደረሰበት ገጽ ላይ ማንበብ የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ በመንገድ ላይ ሌብል የሚጨምሩና የሚቀይሩ ሕጎች አሉ።

የዛቢክስ ተጠቃሚዎች ራውት የለብንም ብለው እንዳይስቁ፤ የእነሱ ወጥመድ ፈቃድ ነው። ዛቢክስ ማንቂያ የሚልከው ችግሩ የታየበትን ሰርቨር ቢያንስ የማየት ፈቃድ ላለው ተጠቃሚ ብቻ ነው። አክሽኑ ልክ፣ ስልኩ ልክ፣ አዲሱ ሠራተኛ ግን ያንን የሰርቨሮች ግሩፕ የማየት ፈቃድ ስላልተሰጠው ስሙ በዝርዝሩ ላይ እያለ ይታለፋል። ናጊዮስ ላይ ደግሞ ሰርቨሩ ወድቋል ከተባለ በላዩ ላይ ያሉት አገልግሎቶች ማንቂያቸው ይታፈናል፤ ይህ ግን ተገቢ ነው፣ ማንም ለአንድ ውድቀት ሃያ መልእክት አይፈልግም።

«የዘገየው ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው»

ሒሳቡን ሠርተን እንየው። ኮንፊጉ ላይ ሌላ ካልተጻፈ ፕሮሚቲየስ ላይ ቁጥር የሚሰበሰበው በየ1 ደቂቃው ነው፤ ሕጉም የሚመዘነው በየ1 ደቂቃው። ሕጉ ላይ «ለ5 ደቂቃ ከቆየ» ተብሎ ከተጻፈ አምስቱ ይጨመራል። አለርትማኔጀር ተመሳሳይ ካሉ ላሰባስብ ብሎ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ኔትወርኩ ገና ሳይነካ 7 ደቂቃ ተኩል ሊሞላ ነው። ይህ በተለመደው ቀን ነው።

በመጥፎ ቀን ደግሞ ለዚያ ግሩፕ ቀድሞ የተላከ ማንቂያ አለ። ያኔ አዲሱ ማንቂያ 30 ሰከንድ ሳይሆን የግሩፑን ቀጣይ ተራ ይጠብቃል፤ ያም ካልተቀየረ 5 ደቂቃ ነው። ግሩፕ የሚደረግበት ሌብል ካልተጻፈ ደግሞ በዚያ ራውት የሚያልፉት ማንቂያዎች በሙሉ አንድ ግሩፕ ናቸው። እዚህ ላይ ከመዘግየት የከፋ ነገር ይመጣል፦ መልእክቱ ይደርሳል፣ ግን አይታይም። ርዕሱ ላይ በፊት 2 የነበረው ቁጥር 3 ሆኗል፤ የተቀረው እንደነበረ ነው። ተረኛው ሲያየው «ያው የቅድሙ ነው» ይላል። ሦስተኛው የክፍያ ሰርቨሩ መሆኑን ለማወቅ መልእክቱን ከፍቶ ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር እስካልተጨመረ ድረስ የሚደገመው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው።

አምስቷ ደቂቃ ራሷም ጉድ አለባት። በመካከል ለአንድ ምዘና እንኳ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በየ4 ደቂቃው ትንፋሽ የሚወስድ ሰርቨር ቀኑን ሙሉ ሲሰቃይ ውሎ አንድም ማንቂያ ላያሰማ ይችላል።

«ሰዓት ሰዓት ነው»

ይህ እኛን ከሌላው ዓለም ይልቅ ይመለከተናል። ቀላል ማስጠንቀቂያዎች ሌሊት እንዳይረብሹ ተብሎ ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ዝም እንዲሉ ተወሰነ እንበል። ባለሙያው ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሮ ከ18:00 እስከ 06:00 ብሎ ያስባል። አለርትማኔጀር በመጀመሪያ ይህን በአንድ መስመር አይቀበለውም፤ እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ፣ እስከ 24:00 እና ከ00:00 ተብሎ መጻፍ አለበት። ተከፈለ፣ ተቀበለው። ነገር ግን ሰዓቱን የሚያነበው በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ዝምታው የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የሚያበቃው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሠራተኛው ገብቶ ሥራ ሲጀምር የተነሣው ማስጠንቀቂያ አንድ ሰዓት ሙሉ ታፍኖ ይቆያል፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ዝም ይላል የተባለው ይጮኻል። ቀረብ ባሉት ስሪቶች «ሎኬሽን» በምትለው መስመር ላይ አፍሪካ/አዲስ አበባ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል።

ዋሽንግተን አካባቢ ካለ ወገን ጋር ተረኝነት የሚካፈሉ ቡድኖች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደናበራሉ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ፤ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው።

«ለሁሉም ከላክነው አንዱ ያየዋል»

አርባ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ የወደቀ ማንቂያ የአርባ ሰው ነው፣ ማለትም የማንም አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ሰርቨር አስተዳደሩ ባሳተመው መጽሐፍ ለአንድ የ12 ሰዓት ተረኛ ቢበዛ ሁለት ክስተት ይበቃዋል ብሏል። እዚህ በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ መልእክት የሚቀበል ግሩፕ አለ፤ አባላቱም ድምፁን ከዘጉት ቆይተዋል።

በአንድ መስመር ብቻ መተማመንም ከዚህ አይተናነስም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች በኢትዮጵያ ሲገደቡ እገዳው አምስት ወር ያህል ቆይቷል፤ ቪፒኤን ለሌለው ስልክ የቴሌግራም ማንቂያ የለም ማለት ነበር። ለከባዱ ማንቂያ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሁለተኛ መንገድ፣ ኤስ ኤም ኤስ ወይም የስልክ ጥሪ፣ ያኔ ያልነበረው ቡድን በጥድፊያ መፈለጉ አይቀርም።

«መከታተያው ራሱን ይከታተላል»

ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ብልሽቱን የሚመረምሩባቸው ብዙዎቹ የውስጥ መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለተንጠለጠሉ አብረው ወደቁ። መከታተያው ከሚከታተላቸው ሰርቨሮች ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ ከተቀመጠ፣ ጄኔሬተሩ ያልተነሣ ቀን ማንም ምንም አይሰማም።

ለዚህ የተበጀ ዘዴ አለ። ኩበርኔትስ ላይ ፕሮሚቲየስን ከነሕጎቹ የሚተክለው ኩብ-ፕሮሚቲየስ «ዋችዶግ» የሚል ማንቂያ ይዞ ይመጣል። ይህ ማንቂያ ሁልጊዜ እየጮኸ ነው፤ የተፈጠረውም ለዚያ ነው። ከውጭ፣ በሌላ ቦታ ያለ አገልግሎት ጩኸቱን ይሰማል፤ ጩኸቱ ሲቋረጥ ደውሎ ሰው ይቀሰቅሳል። በተግባር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ዋችዶግ፣ ቡድኑ የራሱን ኮንፊግ ሲጽፍ ራውት ካላበጀለት፣ ወደ ግንዱ ወርዶ ከሌላው ጋር ቴሌግራም ላይ ይመጣል፤ በየ4 ሰዓቱ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ነገር ያሰለቸው ሰው «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ሳይለንስ ያደርገዋል፣ ለአንድ ዓመት።

የሚገባው የራሱ ቅርንጫፍ ነው፤ ከሁሉ በላይ፣ ወደ ውጪው አገልግሎት ብቻ የሚሄድ። ድግግሞሹ ሲጻፍ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ድግግሞሹን 1 ደቂቃ አድርገው የግሩፑን ተራ በ5 ደቂቃ ቢተዉት መልእክቱ የሚወጣው በየ5 ደቂቃው ነው፤ ውጭ ያለው አገልግሎት ደግሞ 3 ደቂቃ ብቻ እንዲጠብቅ ከተነገረው ምንም ሳይወድቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲደውል ያድራል። የግሩፑን ተራም 1 ደቂቃ ያድርጉት፤ የውጪው ይጠብቅ 5 ደቂቃ።